የኪራይ ውልን በድረ ገጽ ማስፈረም፦ ከድንኳንና ከወንበር ሥራችን

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። የሽያጭ፣ የብድር፣ የሽርክና፣ የኪራይ ውል ስጽፍ ነው የኖርኩት። ጠበቃው የማይለቁት ልማድ ነበራቸው። ውሉ ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ ማንም እስክሪብቶ ሳያነሣ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ተዋዋዮቹ «እናውቀዋለን ጌታዬ፣ ቸኩለናል» ቢሏቸውም ያነቡታል። ከዚያ በየገጹ ያስፈርማሉ፣ እማኞች ይፈርማሉ፣ ለሁለቱም ወገን እኩል ቅጂ ይሰጣል።

ዛሬ ከታላቅ እህቴ ጋር የሠርግ ዕቃ አከራያለሁ፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሰሃን፣ ትልልቅ ብረት ድስት። ውላችንን ወደ ድረ ገጻችን አምጥተን ደንበኛ ቤቱ ሆኖ በስልኩ እንዲፈርም ካደረግን ሁለት ዓመት አለፈ። እንዴት እንደሠራነው የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ጥያቄውም በአብዛኛው ጣት ስክሪን ላይ ስለሚስለው ፊርማ ነው። እርሱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሚያደክመው፣ ጠበቃው በድምፃቸው፣ በእማኞቻቸውና በቅጂዎቻቸው ያደርጉት የነበረውን በድረ ገጽ ላይ መልሶ ማቆም ነው። ማን ፈረመ? የትኛውን ጽሑፍ አንብቦ? በየትኛው ቀንና ሰዓት? ከዚያስ በኋላ ጽሑፉ ተነክቷል?

ከዚያ በፊት ውሉን በኮምፒውተር ጽፌ በቴሌግራም እልክ ነበር፤ ደንበኛው አትሞ ይፈርምና ፎቶ አንሥቶ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ረቂቁን ከላክሁ በኋላ የወንበሩ ቁጥር ከ250 ወደ 300 አደገና በማግስቱ ሁለተኛ ረቂቅ ላክሁ። ደንበኛው የፈረሙት የመጀመሪያውን ነው፤ እኛ ዕቃውን ያደረስነው በሁለተኛው መሠረት ነው። ሲመለስ 41 ወንበር ጎደለ። እሳቸው ዘንድ ያለው የተፈረመ ውል ግን 250 ይላል፤ በእሳቸው ሒሳብ ዘጠኝ ወንበር ትርፍ መልሰዋል። ሰውየው አላታለሉንም። የፈረሙትን ወረቀት ነው ያሳዩን፤ ጥፋቱ የእኛ አሠራር ነበር። የዚያን ሌሊት ነው ይህን ሥራ የጀመርኩት።

በድረ ገጽ የሚፈረመውና የማይፈረመው

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ውላችሁ በዚህ መንገድ ሊፈረም የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1719 ላይ፣ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር የተዋዋዮቹ ስምምነት ይበቃል ይላል። ወንበርና ድንኳን ማከራየት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የምግብ ዝግጅት፣ የማስተማር አገልግሎት ከዚህ ወገን ናቸው።

ሕጉ አጻጻፉን የወሰነባቸው ግን አሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይም በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። ውክልናም ቦታው የሰነዶች ማረጋገጫ ነው። እነዚህን በድረ ገጽ ቅጽ ለማስፈረም አትድከሙ።

እኛን የነካን ዋስትና ነው። የድሮው ውላችን የመጨረሻ አንቀጽ «የተከራይ ዋስ» የሚል ነበር። የዋስትና ውል ግን በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ የሚያዝበት ነው፤ እንዲህ ያለው ውል ደግሞ በቁጥር 1727 መሠረት ሁለት እማኞች ካልፈረሙበት አይጸናም። እማኝን በስልክ ማሰባሰብ ስለማይሆንልን አንቀጹን አውጥተን በማስያዣ ገንዘብ ተካነው።

ስለ ፊርማው ራሱ የሚናገሩ ሁለት አዋጆች አሉን፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012። ለእኛ ሥራ ዋናው ቁም ነገር፣ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈግ ነው። ኤሌክትሮኒክ ፊርማና ዲጂታል ፊርማ አንድ እንዳልሆኑ ግን እወቁ። ዲጂታል ፊርማ ፈቃድ ያለው አካል የሚሰጠው የምስክር ወረቀትና የምስጢር ቁልፍ ያለው ነው፤ የዚህ ሥርዓት የበላይ ምስክር ሰጪ በአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የምትዋዋሉ ከሆነ ወደዚያ ሂዱ። ለ60,000 ብር የድንኳን ኪራይ ግን በደንብ የተያዘ ማስረጃ ያለው ቀላሉ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ይበቃል፤ ይህን የወሰንኩት የቀድሞ አሠሪዬን አማክሬ ነው።

ከደንበኞቻችን አንዳንዶቹ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ሆነው ለወንድም ለእህታቸው ሠርግ የሚከራዩ ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ ኤሌክትሮኒክ ፊርማን ተቀብለዋል፤ እነዚያ ደንበኞች ለመኪና ኢንሹራንስም ለቤት ኪራይም ሲፈርሙበት ስለኖሩ ፈጽሞ አይደነግጡም። የሚደነግጡት እዚህ ያሉት ናቸው፤ ሥራውም የሚሠራው ለእነርሱ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ

ድረ ገጹን ዝጉና ውላችሁን በወረቀት አትሙ። የማይለወጠውን ጽሑፍ ተዉት፤ ለየደንበኛው የሚለወጠውን በእርሳስ አክብቡ። የእኛ ውል 23 ባዶ ቦታ ነበረው። የአያት ስም ሦስት ጊዜ፣ አድራሻ ሁለት ጊዜ፣ የቤት ቁጥር፣ ፋክስ ሳይቀር። ወደ 11 አወረድነው። በስልክ ለሚሞላ ሰው እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ትዕግሥቱን ይበላል።

ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ መርምሩ። በወረቀት ዘመን አፍ ለአፍ እየተነጋገርን የምናልፈው ቃል፣ ደንበኛው ብቻውን ስልኩን ይዞ ሲያነበው የሚይዘው በራሱ ትርጉም ነው። የእኛ ጉዳት «ቀብድ» የምትለው ቃል ነበረች። በአንድ አንቀጽ «ቀብድ»፣ በሌላው «ቅድሚያ ክፍያ» ብለን ጽፈን ነበር፤ ለእኛ አንድ ነገር ናቸው። አንድ ዓመት ነፋስ ድንኳናችንን ቀደደውና ከሠርጉ አሥር ቀን በፊት ለአንድ ቤተሰብ «አልቻልንም» ማለት ግድ ሆነ። የተቀበልነውን 12,000 ብር ልንመልስ ስንዘጋጅ የሙሽራው አጎት 24,000 ጠየቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስምንት ዓመት የጠበቃ ጸሐፊ ሆኜ ይህን እያወቅሁ በራሴ ውል ላይ አላየሁትም። ከፈልን። አሁን ቅጹ ላይ ያለው ቃል «ቀብድ» ብቻ ነው፤ ከሥሩም አንዱ ወይም ሌላው ወገን ውሉን ቢተው ምን እንደሚሆን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ገንዘብ የሚያስከፍለውን ቃል ለይታችሁ እንዲህ አድርጉት።

ጽሑፉ ሲያልቅ ቁጥር ስጡት። የእኛ አሁን «የኪራይ ውል፣ እትም 7» ይባላል። አንዲት ቃል ከተለወጠች እትም 8 ይሆናል፤ እትም 7ም አይጠፋም፣ በእርሱ የፈረሙ ሰዎች አሉና። የወንበሮቹን ነገር የሚፈታው ይህች ቁጥር ናት።

መሣሪያው

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ዶኪዩሳይን ያለ የውጭ አገልግሎት ነው፤ ማስረጃ አያያዙ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ይከፈልበታል፣ ለእኛ ዓይነቱ ቤት ይህ ከባድ ነው። ሁለተኛው እንደ ዶኩሲል ያለ ክፍት ሶፍትዌር በራሳችሁ ሰርቨር ላይ መትከል ነው፤ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ካላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ሦስተኛው በወርድፕሬስ (በድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ለተሠራ ድረ ገጽ የቅጽ ፕለጊን፣ ማለትም በላዩ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ገዝቶ የፊርማ ሳጥን መጨመር ነው። ደብሊውፒ ፎርምስም ግራቪቲ ፎርምስም ይህ አላቸው፤ የፊርማው ክፍል የሚገኘው ግን በሚከፈልበት ደረጃ ነው። እኛ ሦስተኛውን መረጥን፤ የጎደለውን የእህቴ ልጅ በፕሮግራም ሞላው። በዓመት ጥቂት መቶ ውል ለሚፈራረም ድርጅት ይህ ይበቃል።

የትኛውንም ምረጡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትኑ። አማርኛ ጽፋችሁ ፒዲኤፍ አውጡበት። በርካሽ ስልክ ክፈቱት። በእነዚህ ሁለቱ ከወደቀ ሌላው ችሎታው አይጠቅማችሁም።

የሚሞላው ክፍል

ተዘጋጅቶ የሚመጣው ቅጽ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አጥፉት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ቦታ አድርጉ፤ ከሥሩ «በመታወቂያዎ ላይ እንደተጻፈው» የሚል አክሉ። ኃይሉ በ«ኀ»ም በ«ሐ»ም ይጻፋል፣ ሠናይት በ«ሰ»ም በ«ሠ»ም። ለሰው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ስም ነው፣ ስትፈልጉትም አታገኙትም። ስለዚህ ውል የምንፈልገው በስልክ ቁጥር ነው። ስልኩ በ09ም በ07ም የሚጀምር መሆኑን ቅጹ ይወቅ፤ መጀመሪያ የጫንነው ቅጽ በ07 የሚጀምሩትን ሁሉ «ስሕተት ነው» እያለ ይመልስ ነበር።

ቀን ላይ ቆሙ። ከሜሪላንድ አንዲት እህት ለወንድሟ ሠርግ ስትሞላ «5/9» ብላ ጻፈች። በአሜሪካ አጻጻፍ ሜይ 9 ነው፣ ማለትም ግንቦት 1። እኛ እንደ ልማዳችን ቀኑን አስቀድመን ወሩን አስከትለን አነበብነው፣ ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነውና ግንቦት 5 አልን። ወሩ አንድ ሆኖ ቀኑ በአራት ተለያየ። እህቴ ለሌላ ጉዳይ ስትደውል «እንግዲህ እስከ ረቡዕ» ስትላት ልጅቱ «የምን ረቡዕ? ሠርጉ ቅዳሜ ነው» አለች። ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር።

አሁን ቅጹ ላይ ማንም ቀን በቁጥር አይጽፍም። ከቀን መቁጠሪያ ይመርጣል፤ ወዲያው ከሥሩ «ቅዳሜ፣ ግንቦት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2026)» ተብሎ ይወጣል፣ ዕለቱም አቆጣጠሮቹም ጎን ለጎን። የድረ ገጽ ማሰሻዎች የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጣቸው ስለያዙት ይህን መሥራት ለፕሮግራም አዋቂ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፣ «ከቀኑ 6 ሰዓት (በፈረንጅ 12)» በሉ። ድንኳን ተካዮቹ በስድስት ሰዓት ልዩነት ቢደርሱ ሠርጉ አብቅቷል።

ሌላ የምትጠይቁትን ቀንሱ። የመታወቂያ ፎቶ እናስጭን ነበር፤ የፋይዳ ቁጥርም እንጠይቅ ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ቁጭ ብለን «ይህን ምን እናደርግበታለን?» ብለን ራሳችንን ጠየቅን። መልስ አላገኘንም፤ አጠፋነው። መታወቂያ ዕቃው ሲደርስ ሾፌራችን አይቶ ይመልሳል።

ማስነበብ

ብዙ ድረ ገጾች «በውሉ ተስማምቻለሁ» የምትል ሳጥን ያስቀምጡና ውሉን በሊንክ ይደብቁታል። ይህን አልወደውም። ጠበቃው ውሉን ከጀርባቸው ደብቀው «ፈርሙ» እንደማለት ነው።

የእኛ ቅጽ ሁለት ገጽ አለው። በመጀመሪያው ደንበኛው 11ዱን ቦታ ይሞላል። «ቀጥል» ሲል ሙሉው ውል፣ ስሙ፣ ቀኑ፣ የወንበሩ ቁጥርና ዋጋው በየቦታቸው ገብተው ይነበባል። የፊርማው ሳጥን ያለው ከሥሩ ነው፤ ውሉን አልፎ ካልሆነ አይደረስበትም። ሦስቱ የሚያጣሉ አንቀጾች፣ ማለትም ቀብድ፣ የጠፋና የተሰበረ ዕቃ ዋጋ፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ለየብቻቸው ምልክት ይደረግባቸዋል። ምልክቱን አስቀድማችሁ አታድርጉለት፤ ሰውየው በራሱ ጣት ይንካው።

ከላይ ደግሞ የድምፅ ቁልፍ አለ። ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔው አንብቤ ቀድቼዋለሁ፤ አራት ደቂቃ ይሆናል። ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ይሰሙታል። እትሙ በተለወጠ ቁጥር እንደገና እቀዳዋለሁ።

ማንበብ ለማይችል ሰውና ለዓይነ ስውር ግን ድምፁ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 የእነርሱን ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድዳቸውም ይላል። ተገቢ ጥበቃ ነው። በዚህ ጊዜ ቅጹን ትተን፣ ቤተሰቡ የመረጠው ማንበብ የሚችል ሰው በራሱ ስም ተከራይ ሆኖ እንዲፈርም እንጠይቃለን።

ፊርማው

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ኮተቤ፣ በአንዲት የሙሽራ እናት ቤት ነው። ልጃቸው ስልኳን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ውሉን ቀስ ብለው አነበቡ፣ ስለ ሰሃኑ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ፊርማቸው ሙሉ ስማቸው ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እንደተማሩት እያንዳንዷን ፊደል ለይተው ነው የሚጽፉት። ሁለት ፊደል እንደጻፉ ጣታቸው ከሳጥኑ ጫፍ ወጣ።

«ስሜ ሳያልቅ ሳጥኑ አለቀ» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ስልኩን ወደ ጎን አዙሬ ሰጠኋቸው፤ ሲዞር የጻፉት ሁለቱ ፊደል ጠፋ። እንደገና ጀመሩ። በሦስተኛው ሙከራ ስማቸው ሙሉ ወጣ፤ አይተው «አሁን የኔ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኑ የስክሪኑን ወርድ ሙሉ ይይዛል፤ ከመፈረማቸው በፊትም «ስልክዎን ወደ ጎን ያዙሩ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ተጽፎ እንዳይጠፋ። «አጥፋና እንደገና ጻፍ» የሚለው ቁልፍ ትልቅ ነው፤ «ውሉን ላክ» ከሚለውም ርቆ ተቀምጧል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ስማቸውን በፊደል መተየብም ፈቅደናል፤ ከፊርማው በላይ የሚመሰክረው ቀጥሎ ያለው ነውና።

ማስረጃው

ደንበኛው «ውሉን ላክ» ሲል ስልኩ ላይ ባለስድስት አኃዝ ኮድ ይደርሰዋል። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «የዕቃ ኪራይ ውል እትም 7 ለመፈረም የጠየቁት ኮድ ነው። ውሉን ካላነበቡ ለማንም አይስጡ።» ኮዱ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ካስገባው ያ ስልክ በእጁ ነው ማለት ነው። ውጭ አገር ላሉት ኮዱን በኢሜይል እንልካለን። ባዶ ኮድ ብቻ አትላኩ፤ ለምን እንደሆነ ይናገር፣ ሰው በኮድ ስንቱን ገንዘብ ተበልቷል!

ኮዱ ከገባ በኋላ ሥርዓቱ ራሱ አንድ ተጨማሪ ገጽ ያዘጋጃል፦ የውሉ እትም፣ ውሉ የተከፈተበትና የተፈረመበት ሰዓት፣ ኮዱ የተላከበት ስልክ፣ የኢንተርኔት አድራሻው፣ የስልኩ ዓይነት፣ ምልክት የተደረገባቸው ሦስቱ አንቀጾች። ሰዓቱን አደራ ተመልከቱ። ወርድፕሬስ ካልነካችሁት የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የፈረመ ሰው በእናንተ መዝገብ ትናንት የፈረመ ይሆናል። ከአጠቃላይ ማስተካከያው ገብታችሁ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ።

ቀጥሎ የጣት አሻራ የምለው አለ። ኤስኤችኤ-256 የሚባል የሒሳብ ስሌት አንድን ፋይል ተቀብሎ 64 ፊደልና አኃዝ ያወጣል። ፋይሉ ካልተነካ ሁልጊዜ ያው 64 ይወጣል። 30,000ን ወደ 80,000 ብትለውጡ ወይም አንዲት አራት ነጥብ ብትጨምሩ ፈጽሞ ሌላ ይወጣል። ወርድፕሬስ በተሠራበት በፒኤችፒ ለዚሁ የተዘጋጀ ትእዛዝ ስላለ የአንድ መስመር ሥራ ነው። አሻራው ፒዲኤፉ ውስጥ አይጻፍም፤ ቢጻፍበት ፋይሉ ይለወጥና አሻራው ይሳሳታል። ለሁለታችንም በሚደርሰው ኢሜይል ላይ ይጻፋል። ነገ እኔ ደብቄ ቁጥር ብለውጥ ደንበኛው ዘንድ ያለው አሻራ ያጋልጠኛል። ደንበኛው ሊያምነኝ የሚገባው እኔን ራሴን መቆጣጠር ሲችል ነው።

ፊደላችን ፒዲኤፍ ላይ

ይህ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ላይ አምሮ የተነበበው ውል ፒዲኤፍ ሲሆን ባዶ አራት ማዕዘኖች ወይም የጥያቄ ምልክቶች ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ ፒዲኤፍ አዘጋጁ አብሮት የሚመጣው ፎንት ፊደላችን የሌለው መሆኑ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በነፃ አውርዳችሁ በፕለጊኑ የፎንት ማስተካከያ ጫኑት፤ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲገባም እዘዙ፣ አለበለዚያ በእናንተ ኮምፒውተር ተነብቦ በደንበኛው ስልክ አይነበብም። የጥያቄ ምልክቱ መዝገቡ ውስጥም ካለ ችግሩ የዳታ ቤዙ ነው፤ አመዘጋገቡ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው፣ ፊደላችንን የሚይዘው መሆኑን አረጋግጡ። የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተመዘገበ ስም ተመልሶ አይገኝም፤ ስለዚህ ይህን ከመጀመሪያው ደንበኛ በፊት ፈትኑ።

ማስቀመጥ

ድረ ገጹ በአስተማማኝ ግንኙነት የሚከፈት ይሁን፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የምስክር ወረቀቱን በነፃ ይሰጣል። ለአስተዳዳሪ መግቢያው ከይለፍ ቃል በላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ አድርጉ። የተከፈተ ገጽ ቅጂ አስቀምጦ ገጽ የሚያፈጥን የካሽ ፕለጊን ካላችሁ የውሉን ገጽ ከእርሱ አውጡት።

አንድ የማይታይ ቀዳዳ አለ። አንዳንድ የቅጽ ፕለጊኖች የፊርማውን ሥዕልና ፒዲኤፉን የሚያስቀምጡት የድረ ገጹ ፎቶዎች በሚቀመጡበት አቃፊ ነው፤ ያ አቃፊ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። አድራሻውን የገመተ ሰው የደንበኛችሁን ፊርማ ያወርደዋል። ራሳችሁ ፈትኑት፦ ከመለያችሁ ውጡና የአንድ ፊርማ አድራሻ በሌላ ስልክ ክፈቱ። ከተከፈተ ዛሬውኑ አዘጉት።

ፒዲኤፉ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ በኢሜይል ይደርሳል፤ ኢሜይል ለሌለው በቴሌግራም እንልካለን። አንድ ቅጂ ከድረ ገጹ ውጪ በሌላ ዲስክ ይቀመጣል። በውል ላይ የሚነሣ ክስ ይርጋው በመደበኛው 10 ዓመት ስለሆነ ውሉን 10 ዓመት እንይዛለን፤ ተሞልተው ያልተፈረሙ ቅጾችን ግን በየወሩ እናጠፋለን።

ከመክፈታችሁ በፊት አሥር ሰው አስፈርሙ። መብራት በመሀል ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ ስልክ ሲደወል ምን እንደሚሆን እዩ። የእኛው መጀመሪያ ገጹ ሲቋረጥ ሁሉን ያጠፋ ነበር፤ አሁን የተሞላው ይቀመጥና ወደ ቆመበት የሚመልስ ሊንክ ይላካል።

በኮድና በአሻራ የተፈረመው ውል አንድ የማያውቀው ነገር አለ፤ በሠርጉ ዋዜማ ከመኪናው የወረደውን ወንበር አልቆጠረም። ስለዚህ ሾፌራችን የውሉን የታተመ ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ከተረካቢው ጋር አብረው ይቆጥሩና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፈው ሁለቱም ይፈርማሉ። ሾፌሩ የዚያን ወረቀት ፎቶ እዚያው ቆሞ ይልክልኛል፤ እኔም ከውሉ ፋይል ጋር አያይዘዋለሁ።